ስኩተሬ ጀራዲያ ላይ የቆመችበት ዓርብ

ሪያድ፣ መላዝ
ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያምሽ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? እናትሽስ በርትተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የእጅ ጽሑፌን እንደምታውቂው አልጠራጠርም፤ አውቀሽው ሳትከፍቺ ልታስቀምጪውም ትችያለሽ። ከከፈትሽው ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቃል ያልጻፈ ሰው ይህን ለመጠየቅ ፊት የለውም፤ ቢሆንም እለምንሻለሁ።

ዛሬ ከተራ ነው። እናንተ ኮምቦልቻ ነጭ ለብሳችሁ ታቦት ልትሸኙ ትወጣላችሁ። እኔ ሪያድ ነኝ። አዎ፣ ሪያድ! ሥራ ፍለጋ እንዳይመስልሽ፤ ለዕረፍት ነው የመጣሁት፣ በጉብኝት ቪዛ። አዳማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ስልክ ተቀባይ ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ሲሰጡኝ የት ልትሄጂ ነው አሉኝ። ሪያድ ስላቸው ሳቁ። ወንድሜ ፋሲል ግን አልሳቀም። ሰው ከዚያ አገር በሕይወት ስለወጣ ያመሰግናል እንጂ ይመለሳል ወይ፣ ያውም ብቻሽን፣ ያውም በስኩተር ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ምን ልበለው? ለመጨረሻ ጊዜ በሁለት እግሬ የተራመድኩበትን ከተማ አንዴ ማየት ፈልጌ ነበር። ሌላ ምክንያት ያኔ አልነበረኝም።

ስኩተሬን አታውቂያትም። አራት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ ወንበር፣ እንደ ሞተር ሳይክል የሚያዝ መሪ ያላት፣ በባትሪ የምትሄድ ናት። በክራንች ከአልጋዬ እስከ በሩ እደርሳለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን በሷ ነው የምሄደው። ቦሌ ላይ ስለ ባትሪዋ ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ጠየቁኝ። ወረቀቷን አሳየሁ፣ ገመዷን ራሴ ነቀልኩ፣ ቁልፏን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሪያድ ስንደርስ አውሮፕላኑ በር ላይ ትጠብቀኛለች ብዬ ነበር፤ አልነበረችም። በሰው ዊልቸር እየተገፋሁ ሻንጣ መቀበያው ድረስ ሄድኩ። አንድ ጥግ ላይ ወንበሯ ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሞባት ቆማ አገኘኋት። የሚገፋኝ ሰውዬ ኮስተር ብሎ፣ አንቺ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትነጂው ሲለኝ በሳቅ ሞትኩ። አንቺ ብትኖሪ ደግሞ ወለሉ ላይ ትቀመጪ ነበር፤ ሳቅ ሲይዝሽ መቆም እንደማትችይ አልረሳሁም።

ታክሲ ውስጥ ለማስገባት ስኩተሯን አራት ቦታ መፍታት ያስፈልጋል። ሹፌሩ ግራ ሲገባው በአረብኛ ላስረዳው ሞከርኩ። አረብኛዬ አልጠፋም፣ ግን ምን እንደታዘብኩ ታውቂያለሽ? የማውቀው የታዛዥ አረብኛ ብቻ ነው። "እሺ እመቤቴ፣ አሁኑኑ፣ ጨርሻለሁ" የሚለው ከአፌ ይፈሳል። "ይህን እዚህ አድርግልኝ" ለማለት ግን ቃል ፍለጋ ገባሁ። ስምንት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ ለካ ማንንም ምንም አዝዤ አላውቅም!

ያረፍኩት መላዝ ነው፤ ከድሮው የአሠሪዎቼ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ በቀን የሚከራይ አፓርታማ። ሊፍት አለው፣ መግቢያው ላይ ስኩተሬ የምትወጣበት መወጣጫ አለው። በመጀመሪያው ጠዋት አልጋ የምታነጥፍ ልጅ በሩን አንኳኳች። የኛው አገር ልጅ ናት፣ ሰልማ ትባላለች፣ የባቲ ልጅ። አማርኛ ስሰማት እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ ደግሞ እንግዳዋ ሐበሻ መሆኗን ስታይ ማመን አቃታት። አንሶላውን ልትገፍፍ ስትል እጄ አልቀመጥ አለኝ፤ ስኩተሬን አስጠግቼ በወዲያኛው ጫፍ ያዝኩላት። "ተይው እንጂ እህቴ፣ ለዚህ እኮ ነው የምከፈለው" አለችኝ። ጥግ ጥጉን እንደ ድሮው ሰብሬ ሳስገባ ግን አየችኝና "አንቺም ሠርተሻል ለካ" አለች። ስትወጣ የባትሪዬ ቻርጀር ሶኬቱ ውስጥ እንዳልገባ አይታ ከታች የሚገጥም ሶኬት አምጥታ ሰካችልኝ።

የድሮውን ቤት ከውጭ አየሁት። አጥሩን ነጭ ቀብተውታል፣ ሌላ ሰው ይኖርበታል። ብዙም አልቆምኩም። እኔን የጠራኝ መላዝ ሳይሆን ጀራዲያ ነው። ስድስት ሆነን የተከራየናት፣ እኔና አንቺ በሥጋ ሳንዛመድ እህትማማች የሆንንባት ያቺ ክፍል! ዓርብ ዕረፍት ሲሰጡኝ እየሮጥኩ የምመጣባት፣ አንቺ ከኮንዲሽነሩ ሥር ቦታ ይዘሽ የምትጠብቂኝ። ከአሠሪሽ ቤት ከጠፋሽ በኋላ አንቺ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ አልነበረሽም፣ እኔ ነበረኝ፤ ሆኖም ከሁለታችን ፈሪዋ እኔ ነበርኩ። ጣራው ላይ ልብስ ስናሰጣ ትልቁን ብርድ ልብስ ሁለት ጫፍ ይዘን ስንጠመዝዝ፣ አንቺ ጎትተሽ ስትጥይኝ፣ ከታች ያሉት ባንግላዴሾች ውሃው ሲንጠባጠብባቸው ሲጮሁ! የሰው ልብስ ያጠብኩበትን ቀን ሁሉ ረስቼዋለሁ፣ ያንን ብርድ ልብስ ግን እስካሁን እጄ ላይ ይከብደኛል። በዚያ ሁሉ ድካም መሀል እንዲህ ደስ ብሎን እንደነበር ለማን ይነገራል? ለፋሲል ብነግረው አይገባውም። ላንቺ ብቻ ነው የሚነገረው፣ አንቺን ደግሞ እኔው ራሴ አጣሁሽ።

ትናንት ዓርብ ከሰዓት በሜትሮ ሄድኩ። አዎ፣ ሪያድ አሁን ባቡር አላት! ከመላዝ ጀራዲያ ያለ መውረድ ያደርሳል። ወለሉ ከባቡሩ እኩል ስለሆነ ማንንም ሳልለምን ገባሁ። ችግሩ የጀመረው ጀራዲያ ስወርድ ነው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ነው፤ ስኩተሬ አትወጣውም። በአስፋልቱ ዳር እየነዳሁ፣ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉብኝ፣ አንዱን መንገድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። የኛ ሕንፃ ፈርሷል። ቦታው ላይ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ይህን ሳጣራ የባትሪዋ መብራት አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሳላስተውል ቀጠልኩና ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ ፊት ለፊት ቆመች። ብነካካት የለችም። በእጅ የምትገፋ ናት፣ ግን እኔ ወርጄ ማን ይግፋት?

ቀና ስል የት እንደቆምኩ ገባኝ። ያ ቦታ ነው። አንቺ ታሚስ ዳቦ ልትገዢ ተሻግረሽ፣ "ያላ! ቶሎ በይ፣ ይበርዳል!" ብለሽ የጠራሽኝ፣ እኔ እየሳቅኩ መኪና ሳላይ የገባሁበት።

ከሱቁ ሽማግሌ ወጣ። ባለሱቁ የመናዊው ሳቢር ነው፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ አላወቀኝም። ምንም ሳይጠይቅ ስኩተሯን ከነኔ እየገፋ ወደ ሱቁ አስገባኝ፣ ከለስላሳው ፍሪጅ ጎን ያለ ሶኬት ላይ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ቻርጀር ሰካና ሻይ ሰጠኝ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ ስነግረው ዓርብ ነው፣ ምን ያስቸኩላል አለኝ። እግሬን ምን እንዳገኘው ጠየቀኝ። እዚሁ፣ ከበርህ ፊት፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መኪና ገጭቶኝ ነው አልኩት።

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አንቺ ነሽ?" አለኝ። "ሞታለች ብዬ ነበር እኮ። ያቺ ረጅሟ እህትሽስ? ከተርሂል መቼ ወጣች?"

የምን ተርሂል፣ የምን ማባረሪያ እስር ቤት አልኩት።

የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፤ አንቺ የምታውቂውን እኔ እንዳወቅኩት እንድታውቂ። ገጭቶኝ መኪናው ሲያመልጥ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ አለ። አምቡላንስ የጠራው እሱ ነው። በስልክ "እንዳትነኳት፣ አንገቷ እንዳይንቀሳቀስ" አሉት። ያኔ አንቺ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከሽ ጭንቅላቴን በሁለት እጅሽ ያዝሽ። የፖሊስ መኪና ድምፅ ሲሰማ ሐበሾቹ ሁሉ ሮጡ። ሳቢር ኢቃማ እንደሌለሽ ያውቅ ስለነበር የሱቁን የኋላ በር ከፍቶ "ያላ፣ በዚህ ውጪ!" አለሽ። "ብለቃት አንገቷ ይዞራል" ብለሽ እንቢ አልሽ። አምቡላንሱ ዘግይቶ መጣ። ሲያነሱኝ ፖሊሱ ኢቃማ ጠየቀሽ። የለኝም አልሽ፣ እጅሽን ዘረጋሽ። "መኪናው ውስጥ ስትገባ እንኳ ወዴት ሆስፒታል ነው የሚወስዷት እያለች ትጠይቅ ነበር" አለኝ።

እህቴ፣ ምን እንደሆንኩ መጻፍ አልችልም። ሆስፒታል በአራተኛው ቀን ስነቃ የሱዳኑ ሐኪም የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ፤ አንገቴም ተሰንጥቆ እንደነበር፣ አስፋልቱ ላይ አጥብቆ የያዘኝ ሰው ባይኖር እጆቼም እንደ እግሮቼ ይሆኑ እንደነበር። እኔ የአምቡላንስ ሠራተኛ መስሎኝ ዘጠኝ ዓመት ስሙን ለማላውቀው ሰው ስጸልይ ኖሬያለሁ።

አንቺንስ? አንቺን ስረግም ነው የኖርኩት። ስነቃ አጠገቤ የለሽም። ከክፍላችን ልጆች ሚሚ ያን ዕለት ሥራ ላይ ነበረች፤ ሌሎቹ አሰሳ ይመጣል ብለው ክፍሉን ለቀው ተበትነዋል። ከዚያ ኮምቦልቻ ገብታለች ሲሉኝ፣ እኔ እንዲህ ሆኜ ጥላኝ አገሯ ገባች አልኩ። ከኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ ደወልሽ፤ ድምፅሽን እየሰማሁ ሦስቴም ዘጋሁት። ይሄም አልበቃኝም። ለጠየቀኝ ሁሉ ጠርታኝ አስገጭታኝ ሮጠች ብዬ አውርቻለሁ። ወሬው እናትሽ ዘንድ ደርሶ ማልቀሳቸውን ሚሚ ነግራኛለች። ያኔ ይበላቸው አላልኩም፤ ግን ደግሞ ዝም አልኩ። ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ደህና መሆንሽን በሦስት ሰው አስጠይቄ፣ መልሱን ከሰማሁ በኋላ ራሴ መደወል አቃተኝ። እንዲህ ያለች ነኝ።

ትናንት ከሳቢር ሱቅ ስወጣ ባትሪዋ ሞልታ ነበር። ዛሬ ጠዋት ለሚሚ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ እስከ ስልኩ መጨረሻ አለቀሰች። ከሷ ቀጥሎ ያን ወሬ ለነገርኳቸው ሁሉ አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው። እስካሁን አምስት ሰው አግኝቻለሁ። አንዷ "ታዲያ አሁን ምን ይደረግ?" አለችኝ፤ ወደሚቀጥለው ስልክ አለፍኩ። ለእናትሽ ግን በስልክ አልናገርም፣ ፊታቸው ቀርቤ ነው።

ተርሂል ውስጥ ስንት ቀን አቆዩሽ? ማን ስንቅ አቀበለሽ? ምን ለብሰሽ አገር ገባሽ? ይህን ሁሉ መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው።

ማክሰኞ እመለሳለሁ። ደብዳቤው ቶሎ እንዲደርስሽ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ነገ አገር ለምትገባው ለሰልማ እሰጣታለሁ፤ ባቲ ስትሄድ ኮምቦልቻ ላይ ወርዳ ታደርስልሻለች። ልጅቷን ምሳ አብይልኝ፣ ቀጥ ያለች ልጅ ናት።

ከፈቃዴ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀረኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ወይም ለሰልማ ንገሪያት። ሌላ ምንም አትጻፊ፣ ይቅር ብዬሻለሁም አትበይ። ቤትሽ በር ላይ ደረጃ አለው ወይ? ካለው ስንት ነው? አንድ ከሆነ ሳንቃ ይዤ እመጣለሁ። ከዚያ ከበለጠ ስኩተሬን ውጭ አቆማትና በክራንች እሞክራለሁ።

ታቦቱ በሰላም ወጥቶ ይመለስላችሁ። ለእናትሽ ዕድሜ ይስጥልን፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ፣ ቤትሽ ጥጋብና ሰላም ይግባበት።

ብርድ ልብሱን በወዲያኛው ጫፍ የምትይዝልሽ፣
እህትሽ