የመስታወት ቁባ

ቅዳሜ

ትልቁ የካሜራ መስታወት ይንሳፈፋል። ችግሩ እሱ ነው። ሆዱ አየር ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ የካሜራውን አፍንጫ ወደ ላይ ይጎትታል፤ ጅዳ ስታገለው ውዬ ስወጣ የእጄ አንጓ አይታዘዘኝም ነበር። ትንሹ ግን መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ ዓሣው ፊት ድረስ ያስጠጋል። እሱም አመል አለው፤ የፎቶውን ማዕዘኖች ያደበዝዛቸዋል። እንዲጠሩልኝ የሌንሱን ዓይን ባጠብብ ደግሞ ብርሃን ያንሰኛል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተብያለሁ። ከጅቡቲ የሚያጣድፈኝ ኑሩ ነው። ጅዳ እያለን የጠላቂዎችን ዕቃ አብረን እናጥብ ነበር፤ ኋላ እኔ ካሜራ ተማርኩ፣ እሱ ጀልባ መንዳት። አሁን አውቶቡስ የሚያክለውን ነጠብጣብ ዓሣ ሊያዩ የሚመጡ ቱሪስቶችን በሚያወጣ ጀልባ ላይ ይሠራል። አለቃው ውሃ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሲፈልግ የእኔን ስም ጠራለት። ካሜራው አለኝ፤ ውሃ የማያስገባው ሳጥንም፣ ሰፊ የሚያየው ሌንስም አለኝ። የሌለኝ ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው ክቡ መስታወት ነው። ከጅዳ ይዤው የመጣሁት ፕላስቲክ ነው፤ ተጭሮ ተጭሮ የዓይን ሞራ ያለበት መስሏል። አለቃው አንድ እገዛለታለሁ ብሏል፤ አንድ ብቻ።

ጅዳ ያሉ ዓረቦች ይህን መስታወት ‹ቁባ› ይሉታል፤ እኛ ሸሆቻችን መቃብር ላይ የምንሠራውን ክብ ጣሪያ እንደምንለው። እኔና ኑሩም ሌላ ስም ስላላወቅንለት ቁባ እንዳልነው ቀረ።

እናቴ ሂድ ብላኛለች። ከጅዳ ተጠርዤ ስመጣ «ሁለተኛ ባሕር የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳታነሳብኝ» ያለች ሴት! ለምን እንደፈቀደች ስለማውቅ ደስ አላለኝም። ጅቡቲ ደርሼ ሰይድን እንድፈልግላት ነው።

እሑድ

ሰይድ ታናሼ ነው። አምና ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን ሊሻገር የተሳፈረባት ጀልባ ተገለበጠች። በሕይወት የወጡት ልጆች እሱ አልወጣም አሉ፤ ከእነሱ አንዱ፣ የማሻ አገር ልጅ፣ ደውሎ እያለቀሰ ነግሮኛል። አስከሬን አልተገኘም። ኑሩ እዚያ ያለውን ሆስፒታልም እስር ቤትም ጠየቀልን፤ የለም። እኔ አውቃለሁ፣ አጎቴ ያውቃሉ፣ ከተማችን መካነ ሰላም በሙሉ ያውቃል። እናቴ ግን የመን ታስሯል ትላለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣን ሰው «ማን ሞተና?» ብላ ከደጅ ትመልሰዋለች። አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሰላት፣ ሰላተል ጋኢብ፣ እስከ ዛሬ አልተሰገደለትም። እሷ እሺ ሳትል አጎቴም አያሰግዱም።

ዛሬ ገብስ ስትቆላ ዋለች። በሶውን አስፈጭታ ሁለት ቦታ ቋጠረችው፤ አንዱ የእኔ። «ይሄኛውን እንዳትነካብኝ፤ እስረኛ ይርበዋል» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከሰዓት አጎቴ ሸህ እንድሪስ ጎራ አሉ። የአባቴ ታላቅ ናቸው፤ ቁርአን ያስቀራሉ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አባት እሳቸው ናቸው። የሁለቱን መስታወቶች ፎቶ በስልኬ እያየሁ አገኙኝና ምንድን ነው አሉ። ሁለት ቁባ እያማረጥኩ ነው ስላቸው «አንተ፣ ሚስት ሳታገባ ቁባት ታማርጣለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ግን ቁምነገር ጠየቁ፤ ጠፍጣፋ መስታወት ቢሆን ምናለበት? ውሃ ውስጥ ጠፍጣፋ መስታወት ይዋሻል አልኳቸው። ያለውን ነገር ከቦታው አቅርቦና አግዝፎ ያሳያል፤ ሰፊውን ሌንስም ያጠብበዋል። ክቡ ስፋቱን ይመልስልኛል።

«እሱስ አይዋሽም?» አሉኝ።

እሱም ይዋሻል። ሩቁን ሁሉ አምጥቶ ፊቱ ላይ ይደቅነዋል፤ ሌንሱ ቅርብ ማየት ካልቻለ የሚወጣው ፎቶ ጉም ነው።

«እንግዲህ ከዋሾ ዋሾ ማማረጥህ ነዋ!» አሉ። አገር ቤት ከገባሁ ሥራዬ የገባው ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ። መስታወትና ፕላስቲክም ጠየቁኝ። መስታወቱ አይጫርም፣ ጠብታም ቶሎ ይራገፍለታል፤ ግን አንዴ ከተሰነጠቀ አለቀለት። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ ሲጫር አሽተህ ታድነዋለህ፤ ደግሞም ባየኸው ቁጥር ይጫራል። አጎቴ ወደ መስታወቱ አደሉ። እኔም።

ሰኞ

የዛሬውን ጥፋቴን ከሥሩ ልጻፈው።

ጠዋት ኔትወርክ ሲመጣ የጓሮው ካብ ላይ ወጥቼ ለኑሩ ደወልኩ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ እጮህ ነበር። ያልኩት ነገር አሁን ቃል በቃል ይሰማኛል። ኑሩ፣ ቁባው ትንሽ ከሆነ አያምርም፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ይከብዳል። አንተ በዓይንህ አይተኸዋል? ውሃ እንዳይገባበት ብቻ አደራ! መጥቼ እስካየው ማንም እንዳይነካው!

እናቴ ከካቡ ሥር ጎመን ስትቆርጥ ኖሯል። አላየኋትም። ሰይድን ፈልግልኝ ብላ አደራ ያለችው ደግሞ ይኸንኑ ኑሩን ነው።

መጀመሪያ ቢላዋው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጩኸቷን። «ዋይ ሰይድዬ! ዋይ የኔ ልጅ!» ብላ መሬት ላይ ተዘረጋች። ከካቡ ዘልዬ ስወርድ እባብ የነደፋት ነበር የመሰለኝ። አንገቴን ይዛ «አገኙት? አፈር አለበሱት? ቁባም ሊሠሩለት ነው?» ስትለኝ ያኔ ገባኝ።

ስልኩ ውስጥ ኑሩ ሃሎ ሃሎ ይላል። ጎረቤቶቻችን አጥር ዘለው ደረሱ። ሴቶቹ አብረዋት ጮኹ፤ ከአምና ጀምሮ ያፈኑት ለቅሶ ነው። ቀኑ ሳይጋመስ ቅሬው፣ ቀብርና ለቅሶ የሚያነሳው የሠፈራችን ማኅበር፣ ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ። ቅሬ ለቅሶ ከሰማ ለምን እንዴት አይልም። አላህ ሰብሩን ይስጥህ እያሉ አቀፉኝ። እኔም ታቀፍኩ። መስታወት ነው ሳልላቸው መሸ።

ማክሰኞ

ድንኳኑ ሙሉ ነው። አክስቴ ከደጎሎ በጭነት መኪና መጣች።

እናቴ ደህና ታለቅሳለች። ሌላ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ትላንት አልቅሳ አልቅሳ ከምሽቱ የመግሪብ ሰላት በፊት እንቅልፍ ወሰዳት፤ የጀልባው ወሬ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም። ዛሬ ለመጣው ሁሉ ስለ ሰይድ ታወራለች፤ እንዴት ያለ ሳቂታ እንደነበረ፣ ጠግቦም ከሰው ሳህን እንዴት እንደሚጎርስ። «ውሃ የወሰደው ሸሂድ፣ ሰማዕት ነው፤ ቁባ ይገባዋል» ትላለች። ሴቶቹ ይገባዋል ይላሉ።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። እጄን ይዛ ማን አጠበው አለችኝ። ማን ከፈነው? ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ አዙረውለታል? ኀዘን አፌን የያዘው መስሏት ጀርባዬን አሸችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለአጎቴና ለቅሬው ዳኛ፣ ማኅበሩን ለሚመሩት ሽማግሌ፣ ነገሩን አወጣሁላቸው። ዳኛው «ተወው ልጄ፤ አላህ የከፈተላትን በር አንተ ምን ዘጊ አደረገህ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደሳቸው አዘንብሏል። አጎቴ ጺማቸውን እያሻሹ ቆይተው «በውሸት የጀናዛ ሰላት አይሰገድም። ነገ ከኑሩ አፍ ብትሰማው ልጇን ሁለተኛ ገደልንባት። ዛሬ እህል ትቅመስ። ነገ አንተው ትነግራታለህ፤ ከአንተ አፍ የወጣ በአንተ አፍ ይመለስ» አሉ።

ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ለሰይድ። ቤታችን ውስጥ ለእሱ ማልቀስ ክልክል ስለነበር ስውጠው ከርሜያለሁ። ዋናተኛው እኔ፣ ውሃ የበላው እሱ። ልጅ ሆነን ወንዝ ስንሻገር ወገቤን ይዞ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። የሚይዘው ሰው አልነበረም እዚያ ባሕር ላይ።

ረቡዕ

ነገርኳት።

የፕላስቲኩን ቁባ ከሻንጣዬ አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርኩት። እማ፣ ቁባ ያልኩት ይሄን ነው፤ የካሜራ መስታወት ነው፤ ሰይድን ያገኘው የለም አልኳት። ገልብጣ አየችው። ጭረቱን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

«አልተገኘም?»

አልተገኘም።

«ያጠበውም የለም?»

የለም፣ እማ።

ሳትጮህ ተነሳች። ወደ ድንኳኑ ወጥታ ለተቀመጠው ሰው «ተነሱ። ልፋታችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ። ልጄ አልተገኘም» አለች። ሴቶቹ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ። አክስቴ ልታቅፋት ብትሞክር እጇን መለሰችባት። ድንኳኑ ሲነቀል ከቅሬው ዳኛ በቀር ዓይኔን ያየ የለም፤ የሳቸውም አስተያየት አላልኩህም? የሚል ነው።

ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። የቀረበላት ምግብ እንደቀረበ ተመለሰ። ምን አደረግኩ? የተገኘላትን ለቅሶ ከእጇ ነጠቅኳት። ተመልሳ መጠበቅ ልትጀምር ነው፤ ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ እስክትሞት። አጎቴን እንኳ ተቀየምኳቸው። ኑሩ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳሁም። ትልቅ ሆነ ትንሽ ሆነ አሁን ማን ግድ አለው?

ሐሙስ

ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ከጓዳ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። «ያንን ባሕር አሳየኝ» አለችኝ።

ባሕሩ አንድ ነውና ጅዳ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ስልኬ ላይ ከፈትኩላት። እስከ ዛሬ ልያቸው ብላ አታውቅም። እየገለጥኩ አሳየኋት፤ እንደ ቁጥቋጦ የበቀለውን ድንጋይ፣ የዓሣ መንጋውን፣ አሸዋው ላይ የወደቀውን የራሴን ጥላ። አንዱ ፎቶ ላይ ማዕዘኑ ደብዝዟል፤ ይሄ ምንድን ነው ስትለኝ የመስታወቱ ጥፋት ነው አልኳት። አለፈችው።

«ውስጡ ጨለማ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ላይ ላዩ ብርሃን ነው አልኳት።

«ታችስ?»

ታች ይጨልማል። መዋሸት አልቻልኩም።

«ይበርዳል?»

የዚያ ባሕር ውሃ ይሞቃል፣ እማ። ይሄኛው እውነት በመሆኑ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ቀጥሎ ያለችውን እንዳይጠፋኝ እንደወረደ እጽፈዋለሁ።

«ያሲን፣ ካቡ ላይ ሆነህ ቁባ ስትል፣ የማን ብዬ ጠየቅሁህ?»

አልጠየቅሽም አልኳት።

«አገሩ ስንት ሸህ አለው፤ የአንዳቸው ይሆናል አላልኩም። የማን ነው ሳልል ሰይድ ብዬ ወደቅሁ። ለካ አንጀቴ ያውቀው ኖሯል። አንጀቴ አምና ቀብሮታል፣ ልጄ፤ እምቢ ያለው አፌ ነው።»

አቀፍኳት። ቀለለችኝ፤ መቼ እንዲህ እንዳነሰች አላየሁም። እያለቀሰች አልነበረም። ፊቷን ሳታዞር «ሂድና ሸህ እንድሪስን ጥራልኝ። ይሰገድለት» አለች።

ጁምዓ

ተሰገደለት። ከጁምዓ ሰላት በኋላ አጎቴ ወደ ሰዉ ዞረው «ለልጃችን ለሰይድ፣ ባሕር ለወሰደው» ብለው ስሙን ጠሩ። ሩኩዕም ሱጁድም የሌለበት፣ ቆመው የሚጨርሱት ሰላት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ያን ያህል ጠብቀነው እንዲህ ቶሎ ማለቁ ከፋኝ። ከጎኔ የቆሙት የቅሬው ዳኛ ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር። ስንወጣ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው አለፉ።

እቤት ስደርስ እናቴ መሄድህ ነው ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት፤ እውነትም አላውቅም። ጅዳ ስጠልቅ ፈርቼ አላውቅም። የጅቡቲን ውሃ ግን ፈርቼዋለሁ፤ እጄ ምን እንደሚነካ አላውቅም። ሂድም ቅርም አላለችኝ። «ከሄድክ ግን አንድ ፎቶ አንሳልኝ። ውሃው ብቻ እንዳይሆን፤ ሰማዩም አብሮ ይታይ» አለች። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ባሕር፣ በአንድ ፎቶ። ይሄን ትንሹ አይችለውም፤ የውሃው መስመር መስታወቱ ላይ ወፍሮ የፎቶውን ወገብ ይበላዋል። የሚችለው ትልቁ ነው። ይንሳፈፍ እንግዲህ፤ ይጎትተኝ።

ለኑሩ ትልቁን፣ የመስታወቱን፣ ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱ አልሄደም፤ ኔትወርክ የለም። ሲመጣ ይሂድ ወይስ ልሰርዘው፣ ገና አልቆረጥኩም።

ድንኳኑ እንደገና ተተክሏል። እናቴ መግቢያው ላይ ተቀምጣለች። የሚመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ አላህ ይርሃመው ይላታል፤ አሚን ትላለች። ሌላው ይመጣል፤ አሚን ትላለች። ድምፅዋ ሰልሏል፤ ግን አንዱንም አሚን ሳትለው አላሳለፈችም።