ለስፒከሮችህ የሚሆን አምፕሊፋየር

እሁድ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለዚያ ለጩኸታሙ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ወይስ የት ጠፋህ ብዬ? ሁለቱንም ብያለሁ፤ ደስ ያለህን መልስ። እኔ ደህና ነኝ። ጫማ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ፊት ተንበርክኬ እውልና ማታ ወገቤን ይዤ እገባለሁ። ቤቱም እንደተውከው ነው። የኮሪደሩ አምፖል አሁንም እንደልቡ ነው፣ ሲያሻው ይበራል ሲያሻው ይጠፋል። አባዬ ይበላል፣ ይተኛል፣ በእግሩ ይንቀሳቀሳል። የጆሮውን ነገር ግን ቀስ ብዬ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት፤ አንተም ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ስትደውል አባዬን አገናኘሁህና "አይሰማኝም፣ ኧረ አይሰማኝም" ብሎ ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። ድምፅህ ሲለወጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መደወሉን እርግፍ አድርገህ ተውከው። አልፈረድኩብህም ልል ነበር፤ ፈርጄብሃለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ዕድሜ ልኩን የማተሚያ ማሽን ሲጮህበት ያደረ ጆሮ ነው። "የቀረችው ትንሽ ናት፤ እሷም እየሄደች ነው፤ ልናደርግላቸው የምንችለው ነገር የለም" አለኝ ሐኪሙ። ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን መሣሪያም ሞከርንለት፤ ከማፏጨት ሌላ አልሰማ አለው። አውልቆ ኪሱ ከተተው፤ ይኸው እስካሁን ከቁልፎቹ ጋር ኪሱ ውስጥ ይንኮሻኮሻል።

ያን ዕለት ስልክ ላይ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? "ሬዲዮኑን ፊቴ አስቀምጬ በማይክ ዘፈን የቀዳሁበት ካሴት አለ፤ መሀሉ ላይ እማዬ ክፍሌ ገብታ ስትናገር ይሰማል።" እንደ ዋዛ ነበር የነገርከኝ። አንተዬ፣ እማዬ ከሞተች ጀምሮ በዚህ ቤት ድምጿ የሚባል ነገር የለም እኮ! ያለን ፎቶ ነው። ካሴቱን አልጋህ ሥር ካርቶን ውስጥ አገኘሁትና ነገሩን ለአባዬ በትልልቁ ጽፌ አሳየሁት። ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው፣ ዘረጋው፣ እንደገና አነበበው። ከዚያ "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ይሄ ጆሮ ሳይዘጋ አሰሚኝ እንጂ!" ብሎ ጮኸብኝ። አሁን ሁሉንም ነገር እየጮኸ ነው የሚናገረው፣ አትደንግጥ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። በትንሿ ቴፕ ሞከርኩለት፤ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየና "ዝንብ ናት" ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወደ ክፍልህ ጠቆመኝ። "እነዚያን ክፈቺልኝ። እነዚያ ግድግዳ ያንቀጠቅጡ ነበር።" ጉድ እኮ ነው! ሌሊት ሠርቶ ቀን ሲተኛ፣ በእነዚያ ስፒከሮች ምክንያት ግድግዳውን በጫማው የሚደበድበው ማን ነበር? "ዝቅ አድርገው፣ አንተ ልጅ!" እያለ የሚያብደው ማን ነበር? ሳቄ መጣ። እሱም ነገሩ ገብቶት ሳቀ። ያቺን ሳቅ እንዳትረሳብኝ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ደህና ሳቅ እሷ ብቻ ናት።

የአንተ አምፕሊፋየር ግን የለም። ከሄድክ በኋላ ጣሪያው አፍስሶ ውኃ ገባበትና ሞተ፤ ስላልነገርኩህ ይቅርታ። የካሴት ማጫወቻው ተርፏል፣ ስፒከሮቹም ተርፈዋል። ስለዚህ ከአባዬ ጋር ተያይዘን ለስፒከሮችህ የሚሆን ያገለገለ አምፕሊፋየር ፍለጋ ወጣን።

አሮጌ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ "ሹክሹክታ" ነው የሚባለው። ሱቁ ውስጥ አንዱ ዕቃ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይጮሃል፣ እሱ ግን ምስጢር እንደሚነግርህ ሁሉ ጆሮህ ሥር መጥቶ ነው የሚያወራው። ከስፒከሮቹ ጀርባ የተጻፈውን ገልብጬ ይዤለት ነበር፤ አራት ኦም፣ መቶ ዋት። እኔ ቁጥር የማውቀው የጫማ ነው። ሁለት ዕቃ አወጣልን። አንዱ ጥቁር፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ፤ ሌላው ፊቱ ላይ ሁለት መርፌ የሚወዛወዙበት ትንሽዬ ነጭ፣ የምታምር።

"እህቴ፣ ትልቁን ውሰጂ" አለኝ። "አቅም ያለው ዕቃ ዝቅ ብሎ ሲሠራ አይጨነቅም። ይቺ ትንሿ ለእነዚያ ስፒከሮች አትሆንም፤ ይከብዷታል።"

"ምን አለ?" አለ አባዬ።

"ትልቁን ውሰዱ ይላል!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ።

አባዬ ራሱን ነቀነቀ። "ማሽን እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ኃይል ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም፤ አለዚያ ቦጫጭቆ ይጥለዋል። የልጁን ስፒከሮች አቃጥለሽበት ሲመጣ ምን ልትይው ነው?"

ሲመጣ አለ። እኔም ያን ሰምቼ ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩትም። ደግሞ ነጋዴ መቼም ከበድ ያለውን መሸጥ ይወዳል ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ትንሿን ያዝን። ሹክሹክታ ትከሻውን ሰበቀና "ይሁን፤ ብቻ ቁልፏን ከግማሽ በላይ እንዳታዞሪው" አለኝ። እሺ አልኩት። ከፊቴ የቆመው ግን ግማሽ የሚባል ነገር የማይሰማ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ገጣጥሜ አባዬን በሁለቱ ስፒከሮች መሀል አስቀመጥኩት። ተላጭቷል። ሸሚዝ ቀይሯል። አንጀቴን በላው፤ ሴት ሊያገኝ ነው እኮ የሚመስለው! ካሴቱን ከፈትኩ። ሩብ ላይ "የለም" አለኝ በእጁ። ግማሽ ላይ "የለም"። ከዚያ ወዲያ እያዞርኩ ስሄድ ድንገት ፊቱ በራ። "እሰይ! መጣ! ዘፈኑ መጣ! ጨምሪው!" አለ። አንድ ሰው ጨምሪው እያለ እንደዚያ ሲለምንህ ምን ታደርጋለህ? እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ድምፁ ተሰነጣጠቀ፣ ጆሮ የሚበሳ ዓይነት ሆነ፤ እኔ ጆሮዬን ይዣለሁ፣ እሱ በጭብጨባ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠሽ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ዘፈኑ ብርድ ልብስ የደረበ መሰለ። ያን ጊዜ ነው እማዬ የገባችው።

እሷ መሆኗን አውቄያለሁ፤ የድምጿ አወጣጥ አይጠፋኝም። ግን ቃል የለውም። ጓዳ ሆኖ በሩ ተዘግቶ እንደሚያወራ ሰው፣ እም እም እም ብቻ። አባዬ በጆሮውም በዓይኑም ስፒከሩ ላይ ተተክሏል።

"እሷ ናት! ምን አለች?" አለኝ።

"አልሰማሁም አባዬ" አልኩት።

"አንቺም?" አለኝ።

ሰኞ ዕለት ትንሿን ተሸክሜ ሹክሹክታ ዘንድ ሄድኩ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩን አስረዳኝ። ትንሽ አምፕሊፋየር ከአቅሟ በላይ ሲጠይቋት ድምፅ መስጠቷን ትታ ትጮሃለች፤ ያ ጩኸት ነው ስፒከሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሾቹን፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡትን፣ የሚያቃጥላቸው። ቃል የሚለየው ደግሞ በእነሱ ነው። ትልቁ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ላይ ሆኖ ያን ሁሉ ድምፅ ያለጭንቀት ይሰጠን ነበር። እኔ ጫማ ሻጯ! ስንቱን ሰው "ሰፋ ያለ ይሻልሃል፣ የሚያቆስልህ የጠበበው ነው" እያልኩ የምሸኝ! አባዬ ስፒከሮችህን ላለመጉዳት ብሎ ነው ትንሿን የመረጠው፤ እሷው ጎዳቻቸው። ለሱ አልነገርኩትም። አንተም እንዳትነግረው።

ሹክሹክታ ትንሿን ተቀብሎ ትልቁን ሰጠኝ። የተቃጠሉትን ትንንሾች የሚተካ ግን አጣን። የዚያ ዓይነት ዛሬ አይመረትም። ከሥራ ስወጣ በየሱቁ ዞርኩ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን የሚፈቱ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ሄድኩ፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ያልረገጥኩት ሱቅ የለም። አባዬ ማታ ማታ በር ላይ ጠብቆ እጄን ያያል። ባዶ ሲያየው ወደ ውስጥ ይገባል።

በመሀሉ ጉንፋን ያዘው። ደህና፣ ተሻለው። አንድ ጠዋት ሻዩን ይዤለት ስገባ መስኮቱን ከፍቶ ቆሟል። ውጭ መንገዱን እየቆፈሩት ነው፤ መኪናው ጡሩምባውን፣ መቆፈሪያው ድንጋዩን፣ ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል። ወደ እኔ ዞረና "ዛሬ ሰፈሩ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጸጥ ያለው?" አለኝ።

ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሹክሹክታ ከሌላ ስፒከር የተፈቱ፣ ለኛ የሚሆኑ ሁለት ትንንሾች ያገኘልኝ። ቤት ድረስ መጥቶ ራሱ ገጠማቸው። ምን ልሁን፣ በቃ አያስፈልግም ማለት አቃተኝ። ሲሄድ ካሴቱን ከፈትኩ፤ ቁልፉን ግማሽ እንኳ አላደረስኩትም። አንተ ልጅ፣ ቤቱ ሞላ! በሩ ሲከፈት ይሰማል። ነጠላ ጫማዋ ይሰማል። ከዚያ እማዬ፣ እንደዚያ ለመቆጣት ስትፈልግና ሳቅ ሲያሸንፋት፣ እዚህ አጠገቤ የቆመች ያህል፦ "ኧረ ዝቅ አድርጉት ልጆች፣ አባታችሁ አሁን ገና ነው የተኛው። ትንሽ ይረፍ።" በቃ ይሄው ነው። በሩ ተመልሶ ይዘጋል።

ልጆች ነው ያለችው። እኔም እዚያ ነበርኩ ማለት ነው፤ ጭራሽ አላስታውሰውም።

ቀና ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ካሴቱ ሲዞር አይቷል። መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና መዳፉን ትልቁ ስፒከር ላይ አኖረ። ወደ ኋላ መለስኩና ደግሜ ከፈትኩለት። "አሁን እየተናገረች ነው?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። "ምን ትላለች?" አለኝ። ከፊቱ ተንበርክኬ በከንፈሬ ቀስ እያልኩ ነገርኩት። ከንፈር ማንበብ ለምዷል፣ የኔን ብቻ ግን ነው የሚያነበው። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሲገባው ዓይኑ ሞላ። "ለኔ ብላ ነው" አለ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቁልፉን ወደ ግራ አዞረ፣ እስኪጠፋ ድረስ። "ዝቅ አድርጉት ብላለች አይደል እንዴ" አለኝ።

አሁን ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። ካሴቱን እከፍታለሁ፣ እሱ ድምፁን ይዘጋል፣ እኔም አልከለክለውም። ሁለታችን ቁጭ ብለን ሲዞር እናያለን። የእሷ ቦታ ሲደርስ በዓይኑ ይጠይቀኛል፤ በከንፈሬ እነግረዋለሁ። ከዚያ በላይ በዚህ ቤት ወሬ የለም። አንዳንዴ ዕቃ ሳጥብ ብቻዬን እናገራለሁ፣ የራሴ ድምፅ እንዳይጠፋኝ ብዬ።

ያን ዕለት በስልክ "ድምፄን በካሴት ቀድቼ እልክለታለሁ" ያልከውን ተወው። ጊዜው አልፏል። ደብዳቤም ብትልክ ያነባል፣ ፎቶም ብትልክ ያያል፤ አሁን ሰው የሚሰማው ግን በፊቱ ነው። ና አልልህም፤ ከዚያ አገር ከወጣህ መልሰው እንደማያስገቡህ ነግረኸኛል፣ ገብቶኛል። አባዬ ግን ትናንት የስፒከሮችህን አቧራ በሸሚዙ እጅጌ ሲጠርግ አገኘሁትና "ሲመጣ እንዲህ ሆነው አይቆዩት" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? በከንፈሬ "እሺ" አልኩት።

ራስህን ጠብቅ፣ ብርዱን ጠብቅ፣ ምግብ አትዝለል። እጅህ የነካው ይቃናልህ፣ ክፉ አይይህ፣ መልካም ሰው ከፊትህ አይጥፋ። አባዬ እጁን ዘርግቶ መርቆሃል፤ ምርቃቱን እየጮኸ ስለሆነ ጎረቤት ሁሉ አሜን ብሏል።

ስልክ ደውል። እሱ ባይሰማህ እኔ እሰማሃለሁ።

እህትህ፣ ነዝናዛዋ