ሱፊያን በሚስቱ ምሎብህ ሳለ

ይድረስ ለልጄ ለስንሻው፦ ጊዮርጊስ ከክፉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። እህትህ ማኅደር ፈተናውን ስላለፈች ሰፈሩን በእልልታ አቀለጥኩት። ፍየሏም መንታ ወለደች። ደስታዬን ያበላሸኸው አንተ ነህ!

የጎረቤታችን ልጅ ኮከብ አንተ ካለህበት ሱዳን፣ ከገዳሪፍ መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። አሠሪህ ሱፊያን እራት ጠራህ። ሚስቱ ኑሪያ «የእኛን ሥጋ አይበላም» ብላ ከኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ድረስ አሣ አስመጣችልህ። አንተ ግን ከጓደኞችህ ጋር አረቂህን ስትገለብጥ አምሽተህ ሄደህ «ጠግቤያለሁ» አልክ። ሰውየው «ካልበላህልኝ ሚስቴን ፈትቻለሁ!» ብሎ ማለ። እንደኛ «በሞቴ» መስሎህ እየሳቅህ ወጣህ። አይ ልጅ! እዚያ አገር በፍቺ ከተማለ ቀልድ የለም እኮ። ይኸው ኑሪያ ልብሷን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። ወባ ሲጥልህ ሾርባ ያጠጣችህ ሴት!

ጾም ነው እንዳትለኝ፣ ቀኑ ፍስክ ነበር። ሱፊያንስ ቢሆን በሚስት ይማላል እንዴ? እሱን እናቱ ትቆጣው፤ እኔ የምቆጣው የወለድኩትን ነው።

ሼኹ «ልጁ ይምጣና እራቱን ይብላ፣ ከዚያ እናስታርቃቸዋለን» ብለዋል አሉ። እባክህ ልጄ፣ በጡቴ ይዤሃለሁ፣ አረቂ ሳትቀምስ ሂድ። ይቅርታ ጠይቅ፤ የቀረበልህንም ጠራርገህ ብላ።

እግዜር ልቦና ይስጥህ። የቀረውን ምርቃት ኑሪያ ቤቷ የገባች ቀን እልክልሃለሁ።

እናትህ ጣይቱ