የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ቀዳዳ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። የሰጡኝ ሞተር ሳይክል ግን ስታምሰኝ ሰነበተች። ስምንት ወር በረንዳ ላይ ቆማ፣ ባለፈው ሳምንት ለክትባት ሥራ አወጣኋት። ከቤት ስነሳ እሳት ናት፤ ሩብ ሰዓት እንደሄድኩ እክ እክ ትልና ቀጥ! ትናንት የክትባቱን ሣጥን እንደጫንኩ ስትጠፋብኝ እጄ ሳላዘው ወደ ታንኩ ክዳን ሄደ። ስከፍተው ፍስስ አለ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ማታለሌን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። እናቴን ሲያገቡ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ከሞተ ገና ሁለት ዓመቱ። አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ለደንበኛ ሲያስረዱ ሰማሁ። «ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ አየር ታስገባለች፤ እሷ ከተደፈነች ቤንዚን አይወርድም፣ ሞተሩ ይጠፋል» አሉት። በማግስቱ ቀይ ማስቲካዬን አኝኬ ደፈንኳት። የራሱን ሞተር መጠገን ያቃተውን መካኒክ እማዬ ታባርረዋለች ብዬ ነበር። የልጅ ነገር!

እማዬ አላባረረችዎትም። ሰፈሩ ግን «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እያለ ሲስቅብዎ እርስዎም አብረው ይስቁ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሱኝ እንጨት መሰንጠቂያው አጥር ጋ ስንደርስ ሞተሯ ትጠፋለች። ይወርዳሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ «ትንሽ ትተንፍስ» ይሉና አጥሩ ሥር የተጋደመው ግንድ ላይ አጠገቤ ቁጭ ይላሉ። ቤት ውስጥ «እሺ» እና «አይ» ብቻ የምልዎ ልጅ እዚያ አፌ ይፈታ ነበር። ስለ ሒሳብ አስተማሪዬ፣ ስለ ወለቀው ጥርሴ፣ አንድ ቀንም ስለ አባቴ። «ሲስቅ ምን ይመስል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም።

ትናንት እንግዲህ ሞተሯን የጋራዡ ጎረቤትዎ ጎሚስታው ዘንድ ወሰድኳት። ክዳኑን ገልብጦ በመርፌ ፈለቀቀና አንድ ቁራጭ ማስቲካ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ነጭ ነው። የእኔ ደግሞ ቀይ ነበር።

«ይሄን ማን ደፈነው?» አልኩት።

«ማን ይሆናል? ባለቤቱ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። «ያንቺንማ በሦስተኛው ቀን ነው ያገኘው። ‹ኧረ አውጣው፣ የሰው መሳቂያ ሆንክ› ስለው፣ ‹ተዋት፤ ልጅቷ የምታወራኝ እዚያ ብቻ ነው› አለኝ። ሲረግፍ ራሱ እያኘከ ይደፍነዋል።»

«ካደግኩ በኋላስ?»

«ለምዶበት! ብቻውንም ቢሆን እዚያ ቁጭ ሳይል አያልፍም ነበር።»

ማስቲካ ማኘክ የፍየል ሥራ ነው ሲሉ የኖሩት እርስዎ! አንዴ ጋራዡ ጓሮ ተደብቀው ሲያኝኩ ይዤዎት በሳቅ የሞትኩት ትዝ አለኝና፣ ጎሚስታው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ክዳን ከፍቶ መዝጋት ለካ አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። እኛ አሥር ደቂቃ እንቀመጥ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እማዬን ከቀበርን በኋላ ወደ እህትዎ ቤት ሊሄዱ ሲነሱ፣ የሞተሯን ቁልፍ ሰጥተውኝ በሩ ላይ ትንሽ ቆም አሉ። «አይሂዱ» እንድልዎ እየጠበቁ እንደሆነ ያኔም ገብቶኝ ነበር። እኔ ግን «በሰላም ይግቡ ጋሼ» አልኩ። ኩራት ይሁን እፍረት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ የሌሊት ሳልዎ እንኳ ናፈቀኝ።

አባዬ፣ ይህን ቃል ሳልልህ ሃያ ሁለት ዓመት ስላስጠበቅኩህ ይቅር በለኝ። ክፍልህን አጽድቻለሁ፤ የመፍቻ ሣጥንህም ካስቀመጥክበት አልተነካም። ቅዳሜ ጠዋት ልወስድህ እመጣለሁ፤ እህትህን አስፈቅዳት፣ እንቢ ካለችም እኔ እለምናታለሁ። የድሮው ግንድ ተሰንጥቆ አልቋል፤ ግን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ግንድ ይጠፋል ብለህ ነው? ቀዳዳዋ አሁን ንጹሕ ናት፤ ሞተሯ መንገድ ላይ አትጠፋም። አጥሩ ጋ ስንደርስ እኔ ራሴ አጠፋታለሁ።

ልጅህ