ስለተወሰደው መፍጫዬና ባዶ ብርጭቆ ይዘው ስለሚመጡት እንግዶቼ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ባለው ቢሮ

ግልባጭ፦ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ክቡርነትዎ፤ ጤናዎ፣ ጉልበትዎና ከሁሉ በላይ ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አራተኛ ፎቅ በግራ በኩል የምኖረው፣ ጡረታ እስክወጣ አርባ ዓመት ሚዛን ስጠግን የኖርኩት ሽማግሌ፣ በሬ ላይ የለጠፉልኝን ማስጠንቀቂያ በመነጽርም ያለ መነጽርም አንብቤ ስጨርስ ስለ ደኅንነትዎ ከመጠየቅ የሚቀድም ነገር አልታየኝም። ለአንድ ሽማግሌ ይህን ያህል የጻፈ እጅ ሳይዝል አይቀርም ብዬ ሠጋሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በስሜ የተጻፈ ነገር ደርሶኝ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጻፈውን ስሜን ከነአያቴ ጽፋችሁ፣ በማኅተም አስጊጣችሁ ስትልኩልኝ፣ ክስ መሆኑን እስካይ ድረስ ልቤ ሞቆ ነበር።

ለማያውቁት ጎረቤቶች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬ አሥር ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት የኮሚቴ አባላት በሬን አንኳኩተው «በመኖሪያ ክፍል ውስጥ ያለ ፈቃድ የመጠጥ ንግድ ማካሄድ» በሚል ክስ ጁስ መፍጫዬን ገመዱን ጠቅልለው ወሰዱት። አሁን በሰብሳቢው ቢሮ ውስጥ ይገኛል። እንዲመለስልኝ ከፈለግሁ እስከ ዛሬ ዓርብ ድረስ «ማሽኑን ለአንድ ሰው ፍጆታ ብቻ እጠቀማለሁ፤ በጠዋት ሌላ ሰው በቤቴ አላስተናግድም» የሚል የግዴታ ወረቀት መፈረም አለብኝ። ወረቀቱ አሁን ከፊቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከመፈረሜ ወይም ካለመፈረሜ በፊት ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ፤ ኮሚቴው ቁጥር የሌለው ነገር አያነብም ሲሉ ሰምቻለሁና።

፩ኛ፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «መጠጥ» ማለትዎን በተመለከተ፦

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቁርሴም ምሳዬም ቆሜ የምበላው ዳቦና ሻይ ሆነ። ለአንድ አፍ ድስት መጣድ በድስቱ ማላገጥ መሰለኝ። ቀበቶዬን በወስፌ ሦስት አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሚዛን ላይ ብወጣ ቁጥሩ አስደነገጠኝና፣ ዶክተር፣ የታመመው ሚዛንዎ ነው አልኩት። ወርጄ፣ ተንበርክኬ፣ ከሥሩ ያለውን ብሎን ነካክቼ ፈተሽኩት። አርባ ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው፤ በዚህ አልታማም። ሚዛኑ ትክክል ነበር። የጎደልኩት እኔ ነኝ።

በሌላ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አጥንታቸው ለተሰበረ ሰዎች መራመድ የምታስተምረው የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ በስልክ ተቆጣችኝ። «አባባ፣ ጡንቻህ ጥሎህ እየሄደ ነው፤ ማኘክ ከሰለቸህ ጠጣው» ብላ መፍጫውን ከአንድ ቆርቆሮ ዱቄት ጋር ላከችልኝ። ቆርቆሮው ላይ ፕሮቲን ተብሎ ተጽፏል፤ ሲቀምሱት ግን ግድግዳ ቢለስኑበት የሚያምር ጄሶ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን ለምስማር ማስቀመጫ ሾምኩትና በራሴ ኩሽና መሞከር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን ስላልገጠምኩ ከእኔ በፊት ፕሮቲን ያገኘው ኮርኒሱ ነው። በሁለተኛው ቀን አጃውን ጥሬውን ጨምሬ ሰጋቱራ የበላሁ ይመስል ስተፋ ዋልኩ። እንቁላልማ፣ ስሙን አያንሡብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ሠመረልኝ። ወተቱ ይቀድማል፤ ካልቀደመ ሌላው ሁሉ ከሥር ይጣበቃል። ቀጥሎ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ አጃ፣ ከዚያ ተቆልቶ ቅርፊቱ በመዳፍ ታሽቶ የወጣለት ኦቾሎኒ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ተቀቅሎ የተላጠ ሽምብራ (ፊትዎን አያጨማዱ፣ ማንም አይለየውም፤ እንደ ክሬም የሚያለሰልሰው እሱ ነው)፣ ልጣጩ ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ፣ በስኳር ፋንታ ሁለት ፍሬ ቴምር፣ በመጨረሻም ለሽታ ያህል ቀረፋ። በአራት ወር ውስጥ ከበሳኋቸው ሦስት የቀበቶ ቀዳዳዎች ሁለቱን ተሰናበትኳቸው። እንግዲህ ክቡርነትዎ ከመጠጥ ቤት ጋር በአንድ መስመር ላይ ያሰፈሩት ይህንን ነው።

፪ኛ፤ ስለ ማስረጃዎ ጥራት፦

አንድ ትጉህ አባልዎ አራት ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «ሰዎች ባዶ ብርጭቆ ይዘው ይገባሉ፤ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ይወጣሉ» ሲል መዝግቧል። ባዶ ገብቶ ባዶ የሚወጣበት ንግድ እንደ ኮሚቴ ስብሰባ ያለ ነገር ካልሆነ በቀር እኔ አላውቅም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ምስጢሩን በደስታ እነግርዎ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሁለት ብቻ ነው። ስድስት ነበሩ፤ ዕቃ ማጠብ ለእኔ ከቀረ ወዲህ አራቱን ፈጀኋቸው። ስለዚህ የሚመጣ ሁሉ የራሱን ይዞ ይመጣል፣ እዚያው ተቀምጦ ይጠጣል፣ አጥቦ ይዞ ይሄዳል።

መዝገቡ ውስጥ «ጥሬ ዕቃ አቅራቢ» ተብሎ የሰፈረው የሕንፃችን ዘበኛ ነው፤ ተረኛው ሲተካው ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ሙዝ ይዞ ብቅ ይላል። «ደንበኛ ቁጥር አንድ» የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቴምሩን የምታመጣው እሷ ስትሆን በለውጡ የሸሚዜን ኮሌታ እያየች ትስቅብኛለች፣ ቀረፋ አበዛህ ብላም ትጨቀጭቀኛለች። «ደንበኛ ቁጥር ሁለት» የአምስተኛ ፎቁ ጡረተኛ መምህር፣ በቁመቱ ሸንበቆ የምንለው ነው። የታችኛው ጥርሱ በሙሉ ተነቅሎ አዲሱ እስኪሠራለት ይጠብቃል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ብርጭቆውን ጨልጦ አስቀመጠና፣ «አንተ ሚዛን ሰባሪ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ሰው ቁርስ በላሁ» አለኝ። ሚዛን ሰባሪ መባሌን በፍርድ ቤት ልከስ አስቤ ነበር፤ ሌላውን ግን ይኸው እስካሁን አልረሳሁትም።

ከማናቸውም አምስት ሳንቲም አልተቀበልኩም። የውሃ መሳቢያው ሞተር ቀኑን ሙሉ እንደተገፈተረ በሬ ሲያጓራ ያልሰማ ኮሚቴ የእኔን የአንድ ደቂቃ መፍጫ መስማቱ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ዓይነት ነገር እንዳይሆን፣ ለክብርዎ ስል እሠጋለሁ።

፫ኛ፤ «ለአንድ ሰው ፍጆታ ብቻ» ስለሚለው ቃል፦

ይህን ቃል የጻፈ ሰው መፍጫ አይቶ አያውቅም። በመፍጫው ጆግ ላይ አንድ መስመር አለ። የጨመሩት ነገር ከዚያ በታች ከሆነ ምላጩ አየር ብቻ እየቆረጠ ያለቅሳል እንጂ አይፈጭም። እስከ መስመሩ ለመሙላት ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ያህል ያስፈልጋል። የሠራው ፋብሪካ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ አንድ ሰው ለብቻው ይጠጣል ብሎ አላሰበም።

እኔም መጀመሪያ ሰሞን አንዱን ጠጥቼ ሁለተኛውን ለምሳ አስቀምጠው ነበር። ይጠቁራል፤ ከላይ ውሃ ከታች ጭቃ ይሆናል። ልደፋው ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ብርጭቆ ቀድቶ አንዱን መድፋት እንዴት እንደሆነ ክቡርነትዎ ምናልባት አያውቁት ይሆናል፤ ባያውቁትም ይሻላል። እናም አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ይዤ ደረጃው ላይ ወጣሁና ያገኘሁትን የመጀመሪያ ሰው አስቆምኩ፤ ዘበኛው ነበር። እምቢ ሲለኝ ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ለማን እንዳዘዘ ግን አላስታውስም አልኩት። ጠጣው። በማግስቱ የራሱን ብርጭቆ ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ሙዙን የት ነው የምትወስደው ብላ እሱን ተከትላ መጣች። ሸንበቆን እሷ አመጣችው። ማኅበሩ የተመሠረተው እንዲህ ነው፤ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ ይቅርታ።

አበው ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በሦስት ኮፒ የሚፈረም ቅጽ እንዳለው ያወቅሁት ከእርስዎ ነው።

፬ኛው ቅሬታ አይደለም፤ ምስጋና ነው። ስለሰጡኝ ጸጥታ አመሰግናለሁ።

እነዚህ አሥር ቀናት እውነትም ጸጥ ያሉ ናቸው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ልብስ ሰፊዋ ከሰገነቱ ልብስ አውርዳ ስትመለስ ኮቴዋ እኔ በር ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ ቆም ይላል፤ ከዚያ መዝገቡ ትዝ ይላታል መሰለኝ ፈጠን ብሎ ይወርዳል። ዘበኛው ሥራውን እንዳያጣ ፈርቶ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ከሩቅ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይለኛል። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ከዜና አንባቢው ጋር እከራከራለሁ፤ ጨዋ ነው፣ አንድም ቀን መልሶልኝ አያውቅም። እንግዶቼ የሚቀመጡባቸውን ሦስት ወንበሮች ግድግዳ አስጠግቻቸው ነበር፤ ከትናንት በስቲያ ተመልሰው ጠረጴዛው ዙሪያ አገኘኋቸው። የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን አለ?

ሸንበቆ ሲጠፋብኝ አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። በሩን አልከፈተልኝም። ከውስጥ ሆኖ ደኅና ነኝ፣ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ነው አለኝ። ቀጥሎም፣ «አትምጣ ባክህ፤ በእኔ የተነሣ ወንበሮችህንም እንዳይወስዱብህ» አለ። አርባ ዓመት ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስደነገጠ ድምፅ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። ደረጃውን ስወርድ ዳቦና ሻይ ሰውን የት እንደሚያደርሰው አሰብኩ። እኔ የቀበቶ ቀዳዳ እያበዛሁ አይቼዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ቀድሞውንም ሸንበቆ ነው።

ስለዚህ፣ ክቡርነትዎ፣ ወረቀቱ ተመልሶልዎታል። ፊርማ ለመፈለግ መነጽር ማድረግ አይጠበቅብዎትም፤ የለበትም። መፍጫውን ያቆዩት፤ ከነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሮ ግን በሬ ወለል ብሎ ይከፈታል። ሙዙን በሹካ እጨፈልቃለሁ፣ ኦቾሎኒውን በሙቀጫ እወቅጣለሁ፣ ጓል የሆነውን ሁሉ ለሸንበቆ ድድ ስል በሻይ ማጥለያ አጠልለዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጅብኛል፤ እኔም ከሰዓት የበዛ ምንም የለኝም። ትጉሁ አባልዎ መዝገቡን ይዞ ቢመጣ ደረጃው ይቀዘቅዛል፣ ገብቶ ተቀምጦ ይመዝግብ። የሚወሰድ ነገር ካስፈለገም ሹካ አለ፣ ሙቀጫ አለ፣ እኔም አለሁ፤ የእኔ ክብደት አሁን ደኅና ስለሆነ ሁለት ሰው ይላኩ።

ኮሚቴው ለጤናችን፣ ለጸጥታችንና ለብቸኝነታችን ለሚያደርገው ያላሰለሰ ጥበቃ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ መልሼም ያለ ረዳት ቀና ብዬ፣ ከፍ ያለ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

የአራተኛ ፎቁ ሽማግሌ፣
ጡረተኛ ሚዛን ጠጋኝ፣ የሦስት ወንበሮች ባለቤት

ማስታወሻ፦ ትናንት ሐሙስ ጠዋት በቢሮዎ በር ሳልፍ፣ ከተዘጋው በር ጀርባ የመፍጫዬን ድምፅ ሰማሁ። ሌላ መፍጫ ነው እንዳይሉኝ፤ የዕቃን ሳል እንደ ልጅ ሳል ለይቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ምላጩ አየር እየቆረጠ ያለቅስ ነበር፤ ክቡርነትዎ ለብቻዎ እየፈጩ ነው። ወተቱን ያስቀድሙ፣ ሽምብራውን አይርሱ፣ እስከ መስመሩም ይሙሉት። የሚተርፈውን አብሮዎት የሚጠጣ ሰው ካጡ፣ እኔ ሁልጊዜ ቤት ነኝ።