የዝናሽ የቃለ መጠይቅ ልምምድ

ወልድያ፣ ሰኞ የካቲት 10 ቀን 2017

ተማሪዬ ዝናሽ ለኢንተርንሽፕ ነገ መርሳ ከተማ ቃለ መጠይቅ አለባት፤ የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ዛሬ ቢሮዬ ውስጥ እንደ ቀጣሪ ሆኜ ጠየቅኋት።

«ምን ትችያለሽ?»

«ምንም፤ ለመማር ነው የምመጣ።»

ሲሪንቃ አጠገብ ባለሙያ ተስፋ የቆረጠበትን የሰፈሯን የመስኖ ፓምፕ ፈታታ ያስነሳችው እሷ ናት።

«ፓምፑን ማን ጠገነው?»

«እኛ።»

«እናንተ እነማን?»

«እኔና እግዜር።»

እዚህ አገር ራሱን የሚያመሰግን ሰው አይወደድም፤ እኔም ያደግሁት እንዲያ ነው። አሁን ግን ደመወዝ እየበላሁ ጉራ አስተምራለሁ። ትምህርቱ የማያስፈልጋቸው ተማሪዎቼ ፓምፕ በቅርብ ያላዩት ናቸው።

«ነገ ማን ጠገነው ሲሉሽ የአንድ ሰው ስም ብቻ ጥሪ» አልኋት።

«የትኛችንን ልተው፣ መምህር?»

«እግዜርን» ልላት አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ነገ እሱም ያስፈልጋታል።