ርክክቡ የዘገየው ቤት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ዓለምዘውድ፣ ድሬዳዋ።

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፉልኝ የወገብ ሕመም ተሻለዎት ወይስ አሁንም ከመኝታ ሲነሱ ይይዝዎታል? የድሬዳዋ ሙቀት ለወገብ ይስማማል ይላሉ፤ እውነት ከሆነ እሰየው ነው። ባለቤትዎ ጋሼ ባልቻስ እንደምን አሉ? ልጆቹስ በርትተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ አሰፋሽ ደህና ናት። ትልቋ ፊደል ጨርሳለች፤ ትንሹ እግር ተክሎ የልብስ ስፌት መኪናዬን ካልነካሁ እያለ መከራዬን ያሳየኛል። እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ናፍቆትዎ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ስለ ቤቱ ነገር እስካሁን ዝም ማለቴ ረስቼ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ቸግሮኝ ነው። እርስዎም ከጉሮሮዎ ቀንሰው የረዱኝ ጉዳይ ስለሆነ ከሥሩ ላጫውትዎ።

ቤቱ የወይዘሮ ወለተ ሐና ነው። ባላቸው ከመንዝ ተሹመው መጥተው እዚሁ ቡታጅራ በመንግሥት ሥራ ሲኖሩ ያረፉ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ ብቻቸውን ስለቀሩ ሸጠው አገራቸው ሊገቡ አሰቡ። ሁለት ክፍልና ማድ ቤት ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ጓሮው እንሰት የሚይዝ ነው። ለሐኪም ቤትም ቅርብ በመሆኑ እናታችንን ከገጠር አምጥቼ ላስቀምጥበት ነበር ምኞቴ። ያከራየን ሰውዬ ደግሞ ልጁን ሊድር ስለሆነ በነሐሴ መጨረሻ ክፍሉን ልቀቁልኝ ብሎናል። ፈቃደ የሚባል ደላላ አገናኘን፤ በሽማግሌ ፊት ተስማምተን ቀብድ ሰጠሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ቀርበን የምንፈራረምበትንም ቀን ቆረጥን።

ቀኑ ደረሰና እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ከምስክሮቼ ጋር ብጠብቅ ሴትዮዋ ቀሩ። ሰው ብልክ ራሴን አሞኛል፣ ለሚመጣው ሳምንት ይሁን አሉ። በሳምንቱ ደግሞ ትንሽ የቀረችኝ ሥራ አለች አሉ። ምን ሥራ እንደሆነች ቢጠየቁ አይናገሩም። ፈቃደ በበኩሉ ሱቄ ድረስ እየመጣ፣ «ሴትዮዋን ለእኔ ተዋት፤ አንተ ብቻ ወደ ቤቱ አትመላለስ፤ ጓጉተህ ካየችህ ዋጋ ትጨምርብሃለች» ይለኛል። እትዬ፣ ገዢ የሚገዛውን ቤት አትይ ሲባል ምን ይባላል? ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

በገበያ ቀን ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ ባይ አንድ የማላውቀው ሰው ጓሮ ውስጥ ተንበርክኮ በገመድ ይለካል። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። የሚለካው ቦታ፣ ቤቱን ልናይ የሄድን ዕለት ሳንቃ ረብርበውበት ድንጋይ የጫኑበት ስፍራ ነው። ያን ጊዜ ፈቃደ የቆሻሻ ጉድጓድ ነው ብሎ በጥድፊያ አሳልፎን ነበር። በሩን ባንኳኳ ወይዘሮ ወለተ ሐና ገርበብ አድርገው ከፈቱና፣ «ዛሬ አይመችም» ብለው መልሰው ዘጉብኝ።

በቃ፣ ለሌላ ሰው እያስለኩለት ነው አልኩ። ለሁለት ገዢ ሸጠው በአውቶቡስ ሊጠፉ ነው አልኩ። ያለበለዚያም ከዚያ ሳንቃ በታች የሚደበቅ ነገር አለ። አጥር የሚጋራቸውን ከማሉን፣ በርበሬ ነጋዴውን፣ ሄጄ ጠየቅሁት። ከማሉ ዓይኔን ማየት ተወና፣ «ወላሂ እሷ ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ነገሩ ከእኔ አፍ አይወጣም፤ ራሷን ጠይቃት» አለኝ። ይህን ስሰማ ጭራሽ ባሰብኝ። አሰፋሽ ግን፣ «አጥር ለአጥር ከምታጮልቅ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ፊት ለፊት ጠይቃቸው» ብላ ገሠጸችኝ።

እንዳለችው አደረግሁ። ሽማግሌዎቹን ይዤ፣ ፈቃደንም ሥራ አለብኝ እያለ ሲያመካኝ በግድ አስከትዬ ሄድኩ። ገና ከመቀመጣችን፣ «እሜቴ፣ ይህን ቤት ለስንት ሰው ነው የሚሸጡት?» አልኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ኑ» ብለው ወደ ጓሮ ይዘውን ወጡ። ያ ባለገመድ ሰውዬ አሸዋ ይነፋል፤ ለካ ግንበኛ ነው። ሳንቃው ተነሥቷል። ከሥሩ ያለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ጎንበስ ስል ፊቴ ቁልቁል ታየኝ።

«ዘርፈሽዋል የምትባል ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «ገና መሮጥ የጀመረች። እኔ ልብስ ሳሰጣ እዚህ ገባችብኝ። የከማሉ ሚስት ሀሊሜ ናት ጩኸቴን ሰምታ የደረሰችልኝ፤ ግን ልጄ አልተረፈችም። አባቷም ከዚያ በኋላ አልከረሙም። ፈቃደ ይህን ለገዢ አይንገሩ፣ ቤቱ ይረክሳል አለኝ፤ እኔም አገሬ ለመግባት ቸኩዬ እሺ አልኩ። አንተ ግን ቤቱን ልታይ የመጣህ ዕለት ሕፃኑን ይዘህ ነበር። እናንተ ጣራውን ስታዩ እሱ ሳንቃው ላይ ወጥቶ ሲዘል አየሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን ብከድን የሚታየኝ እሱ ነው። ሲሚንቶው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ነበር የዘገየሁት። ይህ አፍ በድንጋይና በሲሚንቶ ሳይገጠም እጄን ወረቀት ላይ አላሳርፍም።»

እትዬ፣ ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። ፈቃደ ዘወር ብሎ አጥሩን ያያል። እኔ ለሁለት ሊሸጡብኝ ነው ስል የከረምኩባቸው ሴትዮ ለእኔ ልጅ ነበር የሚጨነቁት።

ይህም ሆኖ ወዲያው አልቆረጥኩም። ልጅ የሞተበት ቤት ልጆቼን ላስገባ ወይ ብዬ ሰጋሁ። አሰፋሽ ሀሊሜ ዘንድ ሄዳ ስታለቅስ ውላ ተመለሰችና፣ «እንደዚህ ለሰው ልጅ ከሚያስብ ሰው ቤት ካልገዛን ከማን ልንገዛ ነው?» አለች። ግንበኛው ጨርሶ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ማዘጋጃ ቤት ቀረብን።

እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ውሉ ተነቦ ልንፈርም ስንል ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ «አንድ ነገር ይጨመርልኝ» አሉ። በየዓመቱ ልጅቷ ባረፈችበት ቀን፣ በኅዳር፣ መጥቼ ጓሮው ውስጥ ጥቂት እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ ነው የሚሉት። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ነገር በሽያጭ ውል አይጻፍም አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያ ጥርጣሬ እንደገና ተነሣብኝ። ዛሬ ልቀመጥ ያሉ ነገ ድርሻ አለኝ ቢሉስ? ልጆቼን ፍርድ ቤት ቢያመላልሱስ? እንዲህ ሳወጣና ሳወርድ ፈቃደ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «እምቢ በላት! ነገ መሬት አለኝ ትልሃለች» አለኝ።

የገዛ ሐሳቤ በእሱ አፍ ሲነገር ስሰማው አስጠላኝ። ብድግ አልኩና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ባይጻፍም ቃሌ ነው፤ በየዓመቱ ይምጡ፤ የሚያርፉትም ከእኛ ጋር ነው» አልኩ። ሴትዮዋ ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ። በማግስቱ ቁልፉን ለአሰፋሽ አስረክበው፣ ትንሹን ግንባሩን ስመው፣ በአውቶቡስ ሄዱ።

አሁን ገብተናል። እናታችንንም ነሐሴ ሳያልቅ በበቅሎ አምጥተናታል፤ ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። የልጅቷን ነገር አልነገርናትም፤ ለመስቀል ሲመጡ እርስዎም አደራ ምሥጢሩን ይጠብቁልኝ። የኔ ጠባይ ግን የት ይሄዳል? ግንበኛው ሲሚንቶውን አሳንሶ ቢሆንስ ብዬ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ረግጬ እፈትነዋለሁ። አሰፋሽ ትስቅብኛለች። ኅዳርን ግን ሁለታችንም እየፈራን እንጠብቃለን፤ ሴትዮዋ ቢመጡ ምን ብለን እንደምናጽናናቸው ጨንቆናል፤ ቢቀሩ ደግሞ የባሰ ይከፋናል።

ለጋሼ ባልቻ ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጆቹን እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠሩ ይሳሙልኝ። ቤት ለምታግዝዎ ለወይንሸትም ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከችው ሻሽ ደርሷል። አሰፋሽ ናፍቆቷን ትገልጻለች። እናታችን ደግሞ፣ «ለልጄ ለዓለምዘውድ፣ ዓይኔ ሳይደክም ፊትሽን አሳዪኝ በልልኝ» ብላለች፤ እንዳለችው ጽፌያለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ
ዳምጤ

ቡታጅራ፣ መስከረም ፫ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.